ጣና ዳር ጥርስ ያቃናሁባቸው ዓመታት

ባለፈው ሰኔ ጡረታ ወጣሁ። በማግስቱ ጠዋት በለመድሁት ሰዓት ተነሥቼ፣ ለብሼና ቦርሳዬን አንግቼ በር ላይ ከደረስሁ በኋላ ነው የምሄድበት እንደሌለ ትዝ ያለኝ። ባለቤቴ ከተቀመጠበት አየኝ። ጫማውን አደረገና "እስኪ ሐይቁ ዳር ደርሰን እንምጣ" ብሎኝ አብረን ወጣን።

መንገድ ላይ ፈተና ጨርሰው የወጡ ተማሪዎች እየተሳሳቁ አለፉን። አንዷ ጥርሷ ላይ ብሬስ፣ የጥርስ ማቃኛ ሽቦ፣ አድርጋለች። ስትስቅ በላይኛው ክራንቻዋ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ብረት ተላቃ ሽቦው ላይ እንደተንጠለጠለች አየሁ። እግሬ በራሱ ወደ ልጅቱ ዞረ። ባለቤቴ ክንዴን ያዝ አድርጎ "ሐኪም አላት፤ አንቺ ጡረታ ወጥተሻል" አለኝ። ልቤ ወደ ኋላ እያየ መንገዴን ቀጠልሁ። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ከዚያ ዕለት በኋላ ነው።

ሥራዬ የልጆችንና የወጣቶችን ጥርስ ማቃናት ነበር፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ እኛ ሁለተኛው ዙር የምንለውን ሕክምና። የመጀመሪያው ዙር የወተት ጥርስ ሳያልቅ፣ አገጭ ገና ሲያድግ የሚደረግ ነው፤ ለሚመጡት ጥርሶች ቦታ ማመቻቸት ነው። ብዙ ልጆች እሱ አያስፈልጋቸውም። ሁለተኛው ዙር ግን ቋሚዎቹ ጥርሶች ወጥተው ሲያልቁ፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ዓመት ላይ ይጀመራል። በየጥርሱ ላይ ትንሽ ብረት ይለጠፋል፤ በብረቶቹ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ያልፋል፤ ሽቦው ወደ ቀድሞ ቅርጹ ለመመለስ ሲታገል ጥርሱን ይዞት ይሄዳል። አጥንቱ ከጥርሱ ፊት እየሟሟ፣ ከኋላው ደግሞ እንደገና እየተሠራ ያሳልፈዋል። ይህን ስናገር ከወላጆቹ ይልቅ የሚገረሙት ልጆቹ ነበሩ። ከዚያ በኋላ እቤታቸው ሄደው ጥርሳቸውን በጣታቸው እየገፉ ይሞክሩታል።

እኔ ግን ሥራ የጀመርሁት ጥርስ በመንቀል ነው። የመጀመሪያ ምድቤ ደብረ ታቦር ነበር። በገበያ ቀን ከጠዋት ጀምሬ ስነቅል እውልና ማታ ክንዴ ማንኪያ ማንሣት ያቅተዋል። ጥርሱ የተደራረበ ልጅ ሲመጣም ያው የሚያመውን ነቅዬ እሸኘዋለሁ። የተደራረበ ጥርስ እንደሚቃና በመጽሐፍ አውቃለሁ እንጂ ሲቃና አይቼ አላውቅም ነበር። ደመወዙ ከወር ወር እንደማያደርስ የማያውቅ የለምና እሱን ልለፈው።

ወደ ባሕር ዳር ተዛውሬ ስመጣ ዶክተር ሥዩምን አገኘሁ። አዲስ አበባ ያደጉ፣ ውጭ አገር የተማሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እዚህ ኮሌጅ ስለሚያስተምሩ እሳቸውን ተከትለው መጡ። በሆስፒታሉ የጥርስ ሕክምና መምሪያችን ጥግ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተሰጣቸውና ብሬስ መሥራት ጀመሩ። ረዳት ሲፈልጉ እጄን ያወጣሁ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ዶክተር ሥዩም ልጅ ሲገባ "አፍህን ክፈት" አይሉም። ዝቅ ያለችውን መቀመጫ ስበው ከጎኑ ይቀመጡና ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ሠፈሩ ያወሩታል። እሱ ሲያወራ እሳቸው ከንፈሩ እንዴት እንደሚገጥም፣ ምራቁን ሲውጥ ምላሱ የት እንደሚሄድ፣ አገጩ ወደ የት እንደሚያዘነብል ያያሉ። አንድ ቀን ለምን እንደሚዘገዩ ብጠይቃቸው "አፉን ከከፈተ በኋላ የምታይው ጥርስ ብቻ ነው። ልጁን ማየት ያለብሽ ከዚያ በፊት ነው" አሉኝ።

ወላጅን ካነጋገሩ በኋላ ደግሞ ወደ ልጁ ይዞራሉ። "አንተስ ምን ትላለህ?" ይሉታል። አልፈልግም ካለ አይጀምሩም። ብዙ እናቶች በዚህ ተቆጥተው ወጥተዋል። እኔም በልቤ ሰውየው ሥራ ይጠላሉ እንዴ ብያለሁ። እሳቸው ግን "ሽቦውን የሚሸከመው እሱ ነው፤ በየቀኑ የሚቦርሸውም እሱ ነው። ሳይፈልግ ከጀመርን ሁላችንም በከንቱ እንደክማለን" ይሉ ነበር። ከተመለሱት መካከል ብዙዎቹ ዓመት ሳይሞላ በራሳቸው እግር መጥተዋል።

ሽቦ ሲያጥፉ ፒንሳው እጃቸው ላይ አይታወቅም። ያጠፉትን በልጁ ጥርስ ቅርጽ በተሠራው ጀሶ ላይ ያስቀምጡታል፤ የፀጉር ያህል ካመለጠ አያስተካክሉትም፤ ጥለው አዲስ ይጀምራሉ። አፍ ውስጥ ካስገቡ በኋላ ጫፉን ቆርጠው በጣታቸው ዙሪያውን ይዳስሱና "አሁን አንተ በምላስህ ፈልግ፤ የሚወጋህ ካለ ንገረኝ" ይላሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። ልጁ እንዳይጣደፍ ነው። እኔ ይህን ልማድ እስከ መጨረሻው ቀን ይዤዋለሁ።

ሥራውን ከልቤ የወደድሁት ግን በኤፍሬም ምክንያት ነው። ኤፍሬም የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ መሪጌታ ይኄይስ በዘጌ በኩል ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ዜማ ያስተምራሉ። አባትና ልጅ በጠዋቱ ጀልባ ተሻግረው፣ መሪጌታ ነጭ ጥምጣማቸውን እንደጠመጠሙ፣ ልጁ እጁን አፉ ላይ እንዳደረገ ገቡ።

"ልጄ ድምፅ ተሰጥቶታል" አሉ መሪጌታ። "አፉ ግን አይገጥምለትም።"

የላይኛው የፊት ጥርሶቹ ወደ ውጭ ወጥተዋል። "መ" እና "በ" ሲል ከንፈሩ ከከንፈሩ አይገናኝም፤ የታችኛው ከንፈሩ የላይኛውን ጥርሱን ነክቶ ይመለሳል። የትምህርት ጓደኞቹ እየሳቁበት፣ ተነሥተህ በል ሲባል ዝም ማለት ጀምሯል። የአባቱ ጭንቀት የመልኩ ነገር አልነበረም። ልጁ ድምፁን እየተወው ነው።

ዶክተር ሥዩም ለክተው፣ ራጅ አንሥተው፣ በሌላ ቀን ጀሶውን ይዘው ተቀመጡ። ከላይ በግራና በቀኝ አንዳንድ ጥርስ መውጣት እንዳለበት ነገሯቸው።

"የተበላ ጥርስ አለው?" አሉ መሪጌታ።

"የለውም የኔታ። ደኅና ጥርስ ነው የሚወጣው።"

"እግዚአብሔር የሠራውን ደኅና ጥርስ ነቅላችሁ ነው ጥርስ የምታቃኑት?"

ዶክተር ሥዩም አልተከራከሩም። ጀሶውን በመሪጌታ መዳፍ ላይ አስቀመጡና "እስኪ የፊቶቹን በዓይንዎ ወደ ኋላ ይመልሷቸው። የት ይገባሉ?" አሏቸው። መሪጌታ ጀሶውን እያገላበጡ ብዙ ቆዩ።

"ቦታ የላቸውም" አሉ በመጨረሻ።

"የላቸውም። ካገኙ ግን ይመለሳሉ።"

ከዚያ እንደ ልማዳቸው ወደ ልጁ ዞሩ። ኤፍሬም አባቱን ቀና ብሎ አየና "ሽቦው እያለ ዜማ ማለት እችላለሁ?" አለ። ዶክተር ሥዩም እኔን አዩኝ።

"አላውቅም" አሉት። "ዜማ የሚል ልጅ አክሜ አላውቅም። አንድ ላይ እናየዋለን።"

መሪጌታ ከብዙ ጊዜ በኋላ "ያን ቀን አላውቅም ባይሉኝ ኖሮ ይዤው እመለስ ነበር" ብለውኛል።

ብሬሱ የገባለት ቀን ከንፈሩ አብጦ ምራቁ አልቆም አለው። ዶክተር ሥዩም "እስኪ በል" አሉት። ጀመረ፤ ቃሉ ተደነቃቀፈበት፤ አቆመ። እኔ ለሌላ ቀን ይቆይለት ልል ነበር። መሪጌታ ግን ከተቀመጡበት ሳይነሡ "ቀስ በል። ቃሉን አስቀድመህ አትሩጥበት፤ ትንፋሽህን ያዝ" አሉት፤ ተማሪ ፊታቸው የቆመ እንጂ ልጃቸው ሐኪም ቤት ያለ አይመስልም ነበር። ሁለተኛው ተሻለ። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ተከፈተና ክፍሏን ሞላት። በኮሪደሩ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ጫጫታ ቀስ በቀስ ጠፋ። እኔ ፒንሳ በእጄ እንደያዝሁ እስኪጨርስ ቆምሁ። ሥራችን አፍ ውስጥ እንደማያበቃ የገባኝ ያኔ ነው።

ኤፍሬም ሁለት ዓመት ገደማ በጀልባ ተመላለሰ። መሪጌታ በመጡ ቁጥር ከጓሯቸው ሎሚ ያመጡልናል። እኔም "ለእኛ ይሁን የኔታ፤ ለኤፍሬም ግን እንዳይሰጡት፤ ሎሚ ለጥርሱ አይሆንም" እላቸዋለሁ። እሳቸውም "ሎሚ ዳር አሳድጌ ሎሚ ከለከላችሁብኝ" ብለው ይስቃሉ። ብሬሱ የወጣ ዕለት መስታወት ሰጠነው። ከንፈሩን ገጠመ፤ ከፈተ፤ እንደገና ገጠመ። ከዚያ በቀስታ "መ" አለ። ትንሽ ቆይቶ "በ" አለ። መሪጌታ ጀርባቸውን ሰጥተውን መነጽራቸውን መጥረግ ጀመሩ።

ኤፍሬም ከዚያም በኋላ ሲስቅ ለብዙ ጊዜ እጁ ወደ አፉ ይሄድ ነበር። ጥርሱ ተቃንቷል፤ እጁ ግን ገና አልሰማም። ይህን በብዙ ልጆች አይቼዋለሁ። ጥርስ ተለቆ ሲተው ወደ ነበረበት ለመመለስ ይፈልጋልና ልጆቹ ማታ ማታ የሚያደርጉት ማቆያ እንሰጣቸዋለን። የእጁን ልማድ ግን ጊዜ ብቻ ነው የሚያስተወው።

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ ይህንኑ ሙያ ተማርሁ። ስመለስ ዶክተር ሥዩም ጡረታቸው ደርሶ ነበር፤ ባለቤታቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ጠባቧ ክፍል ለእኔ ቀረች። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንዱ ብሬስ ቅንጦት ነው ብሎ ክፍሏን ዕቃ ቤት ሊያደርጋት አስቦ ነበር። ኋላ የገዛ ልጁን ይዞ መጣና ነገሩ ቀረ።

አሁን ያልሆነልኝን ልናገር። ሰላማዊት የመጣችው ከሐይቁ በስተሰሜን ካለችው ከቆላ ድባ ነው። እናቷ ወይዘሮ ጥሩወርቅ እህል ይነግዳሉ፤ ቁጥብ፣ ነገራቸው አጭር የሆነ ሴት ናቸው። ሰላማዊት አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ከላይ በግራ በኩል ክራንቻዋ አልወረደም። ራጅ ሳነሣ ጥርሱ ላንቃዋ ውስጥ አግድም ተኝቷል፤ ጫፉም የጎረቤቱን ጥርስ ሥር ተደግፏል።

እንዲህ ያለውን ጥርስ ብዙ ጊዜ ማውረድ ይቻላል። ከቀዶ ሕክምና ባልደረባዬ ጋር ድዱን ከፍተን በተደበቀው ጥርስ ላይ ትንሽ ብረት ለጠፍሁ፤ በቀጭን ስፕሪንግም ከሽቦው ጋር አያያዝሁት። ስፕሪንጉ በቀስታ ይስበዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥርሱ ሲንቀሳቀስ በራጅ አየነው። ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ሳሳያቸው "ይኸው፣ መንገድ ጀመረ" አሉ።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፤ ስልክም ጠፋ። ክረምቱ ወጣ፤ እህሉ ታጭዶ ተወቃ፤ ሰላማዊት አልመጣችም። ከተማ ውስጥ ያሉትን ልጆች እያከምሁ ሐሳቤ እዚያች ስፕሪንግ ላይ ነበር። ማንም ሳያያት እየሳበች ነው።

መንገዱ ሲከፈት እናትና ልጅ በእህል መኪና መጡ። አፏን ሳይ የፊት ጥርሶቿ ወደ ግራ አዘንብለዋል። ራጁን አነሣሁ። የተደበቀው ጥርስ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል፤ ስፕሪንጉ እሱን ማንቀሳቀስ ሲያቅተው ሌሎቹን ስቧል። ክራንቻው የተደገፈበት የጎረቤቱ ጥርስ ሥሩ እስከ ግማሹ ተበልቷል።

ጎን ያለው ክፍል ገብቼ ለዶክተር ሥዩም ደወልሁ። ያየሁትን ነገርኋቸው። አዳምጠው ሲያበቁ ሕክምናው ምን መሆን እንዳለበት ተነጋገርን፤ በመጨረሻም "አሁን ስልኩን ዝጊና ገብተሽ ንገሪያቸው። ራጁንም አሳዪአቸው" አሉኝ።

ገባሁ። ራጁን ብርሃኑ ላይ አደረግሁት።

"ጥርሱ አልመጣም" አልኋቸው። "ከአጥንቱ ጋር ተጣብቋል። አይመጣምም። ይህ ደግሞ አጠገቡ ያለው ነው፤ ሥሩ ተጎድቷል።"

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ራጁን ብዙ አዩት። "ታዲያ ልጄ ይህን ሁሉ ጊዜ ሽቦ የተሸከመችው ለምን ነው?" አሉ።

"ይመጣል ብለን ነበር። ጀምሮም ነበር። በመካከል ቆመ፤ ሲቆም ደግሞ አላየነውም።"

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ሰላማዊት ወንበሩ ላይ ቀረች። እንባዋ እየወረደ ነው። ከጎኗ ተቀመጥሁ። "አሁን ምን ይደረጋል?" አለችኝ። የተጣበቀው በቀዶ ሕክምና እንደሚወጣ፣ የተጎዳው ምንም እንዳይስበው ተደርጎ እንደሚቆይ፣ ክፍት ቦታው ላይ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንደምናደርግ ነገርኋት። አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ።

"መንገዱ እንደገና ቢዘጋስ?" አለች።

ያ ጥያቄ ብዙ ነገር ለወጠብኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ጀሶ ላይ ብሬስ ሠርቼ ጠበቅኋት። ወረንጦ ሰጠኋትና የሚስበውን ነገር እንዴት እንደምትፈታ አሳየኋት። መጀመሪያ ጀሶው ላይ፣ ቀጥሎ መስታወት ይዛ በራሷ አፍ ላይ ሠራችው። የሚወጋ ሽቦ ሲወጣ የምትሸፍንበትንም ሰም ሰጠኋት። ከእሷ በኋላ ከከተማው ውጭ የሚመጣ ልጅ ሁሉ፣ ከመሸንቲም ይምጣ ከዋንዛዬ፣ ይህን ሳይማር ብሬስ አላደርግለትም። በቆላ ድባ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ነርስም እዚህ መጥታ ከእኔ ጋር ሰነበተች፤ ስትመለስ የአካባቢውን ልጆች እያየች ኔትወርክ ሲኖር ፎቶ ትልክልኛለች።

መንገዱም እንደተፈራው እንደገና ተዘጋ። አንድ ቀን ኔትወርክ ብቅ ባለበት ሰዓት ስልኬ ላይ ፎቶ ገባ። ሰላማዊት በጣቷ ከንፈሯን ከፍታ የተነሣችው ነው፤ የሚስበው ሁሉ ተፈቷል። ከሥሩ "ፈትቼዋለሁ ዶክተር፤ አይጨነቁ" ይላል። ፎቶውን ለመምሪያው ሰዎች ሁሉ አሳየሁ።

ብሬሷ ሲወጣ ለሰው ሠራሹ ክራንቻዋ ቀለም መረጥን። እኔ ነጣ ያለውን አነሣሁላት። እሷ ከሁሉም ጎን እያስጠጋች አይታ ደብዘዝ ያለውን መረጠች። "ይኼኛው የእኔን ይመስላል" አለች። ልክ ነበረች። የተጎዳው ጥርስ እስካሁን አፏ ውስጥ ነው፤ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ግን ቃል አልገባሁላትም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በዚያ ሁሉ ጊዜ ቀጠሮ አላጓደሉም፤ አላመሰገኑኝምም። የሚያመሰግኑበት ምክንያት አልነበረም።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩኝ የክፍሌ በር ተንኳኳ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው። ከኋላቸው ሰላማዊት ቆማለች፤ አድጋለች። በመካከላቸው አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ አለች።

"ታናሿን ይዤ መጣሁ" አሉ። "ብርቱካን ትባላለች። ጥርሷ ተደራርቧል።"

"ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ከሰላማዊት በኋላ እኔ ጋ ይመጣሉ አላልሁም ነበር" አልኋቸው።

"ያን ዕለት አልሆነም ብለው በዓይኔ አሳዩኝ። ሌላ የት እወስዳታለሁ?"

መሄጃዬ እንደደረሰ፣ ሕክምናው ሁለት ዓመት እንደሚፈጅ፣ የምትይዛትም ከእኔ ጋር ስትሠራ የቆየችው ዶክተር ቃልኪዳን እንደምትሆን ነገርኋቸው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ አጠገቤ የቆመችውን ቃልኪዳንን ከራሷ እስከ እግሯ አዩዋት።

"ሳይሆን ሲቀር ትናገሪያለሽ?" አሏት።

"እነግርዎታለሁ" አለች ቃልኪዳን። "እርስዎንም እሷንም።"

ራጁን አነሣን። ሁለቱም ክራንቻዎቿ መንገዳቸውን ይዘው ወርደዋል፤ የጎደላቸው ቦታ ብቻ ነው። ብርቱካንን ትፈልግ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ እፈልጋለሁ አለች። ብሬሱ የሚገባበት ቀን በሥራዬ መጨረሻ ሳምንት ላይ ዋለ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ "እርስዎ ይጀምሩላት" ስላሉኝ ወንበሩ አጠገብ ተቀመጥሁ።

ብርቱካን አፏን እንደዘጋች "ያማል?" አለችኝ።

እኔም ቃልኪዳንም ልንመልስ ስንል ሰላማዊት ቀደመችን። እጇን እኅቷ ትከሻ ላይ አደረገች።

"ዛሬ ሲለጠፍ አያምሽም" አለቻት። "ማታ ጥርስሽ ሁሉ ይከብድሻል። ነገና ከነገ ወዲያ ገንፎ ነው የምትበይ፣ ቆሎ የለም። ከዚያ ትለምጂዋለሽ። የሚወጋሽ ሲመጣ ምን እንደምታደርጊ እኔ አሳይሻለሁ።"

"አንቺ ትችያለሽ?"

"እችላለሁ።"

ብርቱካን አፏን ከፈተች። የመጀመሪያዋን ብረት ከፊት ጥርሷ ላይ ለጠፍሁ፤ ማጣበቂያዋ እስኪደርቅ መብራቱን ያዝሁባት። ከዚያ ተነሥቼ መቀመጫውን ለቀቅሁ። ሁለተኛዋን የለጠፈችው ቃልኪዳን ናት።